ቆላ የወረደው ኮምፒውተር

ጃኬትዎን የሚያወልቁት ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ ነው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ሲነሱ ለብሰውታል፤ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፈው 130ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ደግሞ ከተማዋ በብርድ ልብስ የታወቀችው በከንቱ እንዳልሆነ አጥንትዎ ይነግርዎታል። ከዚያ መንገዱ እንደገና ይወጣል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን ይይዝና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም የሚረዝም አይደለም፤ ግን በአንዱ አፍ ገብተው በሌላው ሲወጡ ያገኙት ሌላ አገር ነው። ጭጋጉ ከተገለጠልዎ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ፣ ከእነሱ በታች ደግሞ ይፋት እንደ ተዘረጋ ሰሌን ተኝቶ ያያሉ። ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ይከቡታል፤ ይግዙ። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው።

እኔ ባለፈው ግንቦት በዚህ መንገድ ስወርድ ጭኔ ላይ ቆሎ፣ እግሬ ሥር ደግሞ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ 14 ኪሎ የሚመዝን ኮምፒውተር ነበር። የሚኒባሱ ረዳት ሁለት ጊዜ ከላይ ልጫነው ብሎ ጠይቆኝ ሁለቴም እምቢ አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ «ሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ። ሕፃን ባይሆንም የወንድሜ የሁለት ዓመት ዕቁብ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሸዋ ሮቢት የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ይሠራል። የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማዋ በገባ ጊዜ አጣው። ከዚያ በኋላ በተዋሰው ላፕቶፕ ሲሠራ ቆየ። አንድ የሠርግ ፊልም አቀናብሮ ለማውጣት ማታ ጀምሮ ይተኛና ጠዋት ሲነሳ ወይ አልቋል፣ ወይ ተቋርጧል። ዕቁቡ ሲወጣለት እናታችን ግማሽ ባጃጅ ከአጎታችን ልጅ ጋር እንዲገዛ ፈለገች። እኔ ግን ጥሩ ኮምፒውተር ቢኖረው በሳምንት አንድ የሚያስረክበውን ሠርግ ሦስት ሊያደርገው እንደሚችል ነገርኩት። የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ማሳመን እንጀራዬ ነው። እናታችን በመጨረሻ «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። ይህን ቃል ከእናቱ የሰማ ሰው ቀሪውን ይረዳኛል።

ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ጭምር እየተማርኩ፣ ኮምፒውተሩን ራሴ ልገጣጥመው ወሰንኩ። ምክንያቱ አንድም ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኮምፒውተር ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁት ዋጋው ብቻ ይጨምር ነበር። ዕቃውን በየክፍሉ ከገዙ ግን ገንዘቡን የት ላይ እንደሚያወጡ ይመርጣሉ። ግማሹን ከአዲስ አበባ ገዛሁ፣ ግማሹን ከዱባይ የሚመላለስ ዘመድ በሻንጣው አመጣልኝ። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ራይዘን 9 7900ኤክስ ነው፤ 12 ኮር አለው። ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4070፣ ራሙ 64 ጊጋባይት ዲዲአር5።

አሁን ስለ ሙቀት ልንገርዎ፤ የዚህ ጉዞ ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ይህ ፕሮሰሰር ካልገደቡት እስከ 230 ዋት ድረስ ይበላል። ግራፊክስ ካርዱ ሌላ 200 ዋት ነው። ሌላው ሌላው ሲደመር ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ወደ 500 ዋት ይጠጋል። ያ ኃይል በስሌት ላይ አልቆ የትም አይጠፋም፤ ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እናም ጠረጴዛዎ ሥር ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ በግማሽ ኃይሉ ቀኑን ሙሉ ይነዳል ማለት ነው። ልጅዎ የጌም ኮምፒውተር ይገዛልኝ እያለ የሚነዘንዝዎት ከሆነ ከዋጋው ቀጥሎ መጠየቅ ያለብዎት ይህን ነው፦ ምድጃው የት ክፍል ይቀመጣል?

ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ላይ የሚያነሳው ማቀዝቀዣ ኖክቷ የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ የሚሠራው ኤንኤች-ዲ15 ነው። የአሉሚኒየም ቅጠሎች የተደረደሩበት፣ ስድስት የመዳብ ቱቦዎች የሚያልፉበትና ሁለት ፋን ያለው ከ1 ኪሎ በላይ የሚመዝን ግዙፍ ነገር ነው። የቱቦዎቹ አሠራር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ ሲወጣ አይተው ከሆነ ገብቶዎታል። በቱቦው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ አለ፤ ፕሮሰሰሩ ያለበት ጫፍ ሲግል ፈሳሹ ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያ ሙቀቱን ለቅጠሎቹ ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ተስቦም ወደ መነሻው ይመለሳል። ልዩነቱ አረቄው አለመጠጣቱ ብቻ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጆርጅ ግሮቨር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ሠርቶ ያሳየው ይህ ቱቦ ዛሬ በቤትዎ ባለው ላፕቶፕ ውስጥም ሳይኖር አይቀርም።

የገጣጠምኩት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢያንስ አንዴ ሊሞክሩት የሚገባ ነገር ነው፤ ከልጅዎ ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ። አብዛኛው ሥራ ዕቃው በማይገባበት ቦታ እንዳይገባ ተደርጎ ስለተሠራ ዓይን ያለው ሰው አይሳሳትም። ጥንቃቄ የሚፈልገው ፕሮሰሰሩን መሰኪያው ላይ ማስቀመጥና ማቀዝቀዣውን ማሰር ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባው የሙቀት ቅባት የሽምብራ ፍሬ ያህል ይበቃዋል። የቅባቱ ሥራ ለዓይን የማይታየውን ሸካራ ቦታ ሞልቶ አየር እንዳይቀር ማድረግ ነው፤ ሲበዛ እንደ ዳቦ ቅቤ መቀባት ይሆናል እንጂ የሚጨምረው ጥቅም የለም። ዊኖቹን በየተራ፣ አንዱን ጥቂት ሌላውን ጥቂት እያሉ ያጥብቁ። ከማቀዝቀዣው ሥር የተለጠፈ ላስቲክ ካለ ደግሞ መላጥዎን አይርሱ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ያበራሁት ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የወንድሜን ዕቁብ፣ የእናቴን ፊትና ግማሽ ባጃጅ አሰብኩ። ለካስ የዚህ ዓይነት ማዘርቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ከራሙ ጋር እስኪላመድ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ገና ሲጨልም ደንግጠው አያጥፉት።

ቀጣዩን ሳምንት ማታ ማታ ስቃኘው ሰነበትኩ። ቅኝት ማለት እንደ ክራር ነው፤ ክሩን እስከ የት እንደሚያጠብቁት ማወቅ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፣ ደካማውም ጠንካራውም እንዲሠራ። የእርስዎ ከጠንካሮቹ ከሆነ ቮልቴጁን ቀንሰው በአነስተኛ ሙቀት ያንኑ ፍጥነት ያገኛሉ። እኔ በማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ ፕሮሰሰሩን 30 እርከን ዝቅ አደረግኩት። ራሙን ደግሞ ከተጻፈበት ፍጥነት አልፌ ጊዜውን አጠበብኩት። 22 ዲግሪ በሆነው ሳሎኔ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በከባድ መፈተኛ ፕሮግራም አስጨንቄው ጠዋት አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። ፕሮሰሰሩ 91 ዲግሪ ላይ ቆሟል፤ ወሰኑ 95 ነው። የ40 ደቂቃ የሠርግ ፊልም በ34 ደቂቃ አወጣ። ለወንድሜ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። የት አካባቢ እንደምቃኘው ግን አንድ ጊዜም አላሰብኩበትም።

ስለ ማጓጓዙ አንድ ምክር። ከ1 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ከቆመ ማዘርቦርድ ላይ ተንጠልጥሎ በኮረኮንች ሲሄድ ምን እንደሚሆን ያስቡት። ኬዙን በጎኑ ያስተኙት፣ ማቀዝቀዣው ወደ ላይ እንዲቆም። ግራፊክስ ካርዱን ነቅለው ለብቻው ይያዙ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ የደረሰብኝ ችግር ከመንገዱ አይደለም። እግረ መንገዴን በሃርድ ዲስክ ላይ የሚጻፈውን የከፍታ ወሰንም አነበብኩ። የብዙዎቹ የድሮ ዓይነት ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ መርፌው ከሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነውና። ጣርማ በር ላይ ሊከፍቱት አይገባም ማለት ነው። ጠፍቶ ከሆነ ግን ችግር የለውም።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከፍታዋ 1,280 ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ጠዋት ከብርድ ልብስ ወደ ነጠላ ጫማ ማለት ነው። ዋናው መንገድ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወደ ደሴ ይሄዳል። በግራና ቀኙ ማንጎ፣ ፓፓያና ሽንኩርት፣ ከኋላ ደግሞ የማሾ ማሳ። ማሾ የዚህ አካባቢ ኩራት ነው፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል አልፎ ወደ ውጭ ይላካል። ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ከተማዋ ትተኛለች። ባጃጆቹ ጥላ ሥር ይሰለፋሉ፣ ሾፌሮቹ እግራቸውን በመሪው ላይ አውጥተው ያንቀላፋሉ።

ይህ የወላስማ ሱልጣኖች የይፋት ምድር ነው። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የነገሡት እነዚህ ሰዎች የባሕር ንግድ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘው ነበር፤ ኖራን የመሳሰሉ ከተሞቻቸው የድንጋይ ፍርስራሽና መስጊድ ዛሬም በዳገቱ ላይ ይገኛል። በዳገቱ ላይ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አገር ጥንትም ሆነ ዛሬ የአርጎባ መንደሮች ከሜዳው ከፍ ብለው ነፋስ የሚያገኝ ወገብ ላይ ይሰፍራሉ። ገበያ ለመውጣት ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፣ ለመተኛት ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህን ነገር ያስተዋልኩት ግን ኋላ ነው።

ወንድሜ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ሦስት በአራት፣ ብሎኬት ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። ቀለም በትክክል እንዲታየው መስኮቱን በጥቁር ጨርቅና በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይነካው ብሎ በር ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ውስጥ አስገባነው። ደስ ብሎት አቀፈኝ። የቅዳሜ ርክክብ ያለበት ሠርግ ነበረው፤ ቀብድ ተበልቷል፣ ሙሽሮቹ ወደ ውጭ የሚሄዱት ሰኞ ነው። የመጣሁት ሐሙስ። ጊዜ አለን አልን።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ፊልሙን ማውጣት ጀመረ። 60 በመቶ ሲደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። እንደገና አስጀመርነው። 40 በመቶ ላይ እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ ፊልሙ ወጣ ብለን ስንከፍተው የሙሽራዋ መግቢያ ላይ ምስሉ ተቆራርጧል። ወንድሜ ምንም አላለም። «እትዬ፣ ላፕቶፑን መልሼ ልዋሰው ይሆን?» አለኝ በመጨረሻ፣ በቀስታ፣ እንዳይከፋኝ ብሎ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ ጋ ደወልኩ። መልሱ አጭር ነው፦ «በውሃ የሚያቀዘቅዘውን አልነገርኩሽም?» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ። ወንድሜም ይህን ሰምቶ ዓይኑ ፈካ፤ ውሃ ሲባል ለቆላ ሰው ተስፋ ነው። ግን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። የውሃ ማቀዝቀዣም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚጥለው በፋን በኩል ክፍሉ ውስጥ ባለው አየር ላይ ነው። ክፍሉ ካለው ሙቀት በታች ፕሮሰሰሩን ሊያወርደው አይችልም። የቱንም ዓይነት ቢገዙ መነሻው የክፍሉ አየር ነው፤ ሳሎኔ 22 ዲግሪ ሆኖ 91 የደረሰ ማሽን እዚህ ከየት ይጀምራል?

ለካሁት። በረንዳው ላይ 34 ዲግሪ። ክፍሉ ውስጥ 41። ኮምፒውተሩ አየር በሚስብበት፣ በጠረጴዛው ውስጥ፣ 46።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አዛውንት ናቸው። ጫጫታችንን ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆመው ያዩን ጀመር። ወፍጮአቸው አሁን በመብራት ይሠራል፤ በፊት በናፍጣ ሞተር ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አጠገቡ የቆመ በርሜል ውሃ ነው፤ የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይገባል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ምን እንደሆነ ሳይሆን ሙቀቱ የት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ወደ ጠረጴዛው ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ አልኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉ፤ «በርሜሉን ከሞተሩ ጋር ብትዘጊበት ምን ያቀዘቅዘዋል? ራሱ የተነፈሰውን መልሶ እየሳበ ነው።» ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ሰማያዊው ስክሪን የመጣው ግን ከፕሮሰሰሩ አልነበረም። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያዘገያል እንጂ ቶሎ አይወድቅም። የወደቀው ራሙ ነው፤ የእኔ ጥፋት። የራም ሕዋስ መረጃ የሚይዘው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጠብታ ነው፤ ጠብታው እንደሚያፈስ እንስራ ቀስ እያለ ይጎድላልና በየጊዜው መሞላት አለበት። ሲሞቅ ደግሞ ቶሎ ይፈሳል። እኔ ፍጥነት ለማግኘት ብዬ የሚሞላበትን ጊዜ አራዝሜው ነበር። አዲስ አበባ 47 ዲግሪ ላይ የነበረው ራም እዚህ 60 አልፏል። የሳሎኔ ቅኝት ለሳሎኔ ብቻ ነበር ትክክል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በመሐል ላንሳ፤ ካልወደዱት ይዝለሉት። ቀጭን አየር ፋንን ያደክማል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚገፋው አየር ያንሳል። የሸዋ ሮቢት አየር በ34 ዲግሪ እንኳ ከአዲስ አበባው በ10 በመቶ ገደማ ይከብዳል። እናም ማቀዝቀዣው እዚህ በተሻለ ይሠራል። ትርፉ ግን ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢሆን ነው፤ አየሩ ራሱ 12 ዲግሪ ሞቆ ይጠብቅዎታል። ጣርማ በር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አየሩ በጣም ቀጭን፣ ግን ብርድ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከይፋት ሲወጡ ዳገቱ ላይ ቆመው ራዲያተር የሚያበርዱት ሁለቱ ሳይገናኙላቸው ስለሚቀር ይመስለኛል።

ሥራው አርብ ከአስር ሰዓት እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ወሰደ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ሆድ አውጥተን ላዩ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀን አስቀመጥነው። ቀጥሎ የሠፈሩ በያጅ ተጠርቶ መጣ። ከጣሪያው ሥር፣ ሙቀት በሚሰበሰብበት፣ ብሎኬት ተፈልፍሎ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ፋን ገባበት፤ በተቃራኒው ግድግዳ፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ በሚሆነው በኩል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። የሞቀው በላይ ይወጣል፣ ጥላ ውስጥ የነበረው በታች ይገባል። የናፍጣው ሞተር በርሜል ያው ነው። በታችኛው ቀዳዳ ላይ ወንፊት ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ደግሞ የአክስታችን አሮጌ ስቶኪንግ ተወጠረ። ወፍጮ ቤት ጎን የሚኖር ማሽን ዱቄት መብላቱ አይቀርም፤ ስቶኪንጉ በሳምንት አንዴ ይታጠባል። አክስታችን ስንለምናቸው «ለኮምፒውተር ነው?» ብለው ሁለት ጊዜ አረጋግጠው ነው የሰጡን።

ከዚያ ቅኝቱን ፈታሁት። ራሙን ወደ ፋብሪካው ልክ መለስኩት። ፕሮሰሰሩን ከ30 ወደ 15 እርከን አመጣሁት። የኃይል ወሰኑን ከ230 ወደ 142 ዋት ዝቅ አደረግኩት፤ ይህ ኤኤምዲ ራሱ ያዘጋጀው የቁጠባ ቅንብር ነው፤ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ደካማ እየመሰለው ይተወዋል። ኃይሉን ከሦስተኛው እጅ በላይ ቀንሼ የጠፋው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ልንገርዎ? 34 ደቂቃ የነበረው 36 ደቂቃ ሆነ። የመጨረሻዋን ጥቂት ፍጥነት ለማግኘት የሚከፈለው ሙቀት ያን ያህል ነው፤ ዋጋው ላይ ትልቅ ቁጥር ለሚጽፍ ሻጭ ካልሆነ በቀር ለማንም አይጠቅምም። ይህን የምለው ትልቅ ቁጥር መጻፍ ሥራዬ የሆነ ሰው ሆኜ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሜዳው ገና ሳይሞቅ፣ ፊልሙን አስጀመርነው። እየሄደ ሳለ ቀኑ ሊፈትነን ይችላል ብለን ለእኩለ ቀን ሌላ ሙከራ አቆየን። ያን ጠዋት ከወንድሜ ጋር እስከ ሮቢ ወንዝ በእግር ሄድን። ከተማዋን ማየት ያለብዎት በዚህ ሰዓት ነው። አህዮች ሽንኩርት ተጭነው ይገባሉ፣ የአፋር ሰዎች ከቆላው ይመጣሉ፣ ሻይ ቤቶቹ ፊት ለፊት ያለው አቧራ በውሃ ይረጫል። የሚረጨው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሲተን መሬቱን ያበርዳል። የሸክላ እንስራም ውሃን የሚያቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። ወንድሜ ይህን ስነግረው እርጥብ ጨርቅ ኮምፒውተሩ ፊት እንስቀል አለ። አይሆንም፤ እርጥበት ለሰው እንጂ ለማዘርቦርድ አይደለም።

ጊዜ ካለዎት እሑድን ጨምረው ወደ ሰሜን ይቀጥሉና የሰንበቴን ገበያ ይዩ፤ ስሙ እንደሚነግርዎት የሚቆመው እሑድ ነው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ ያያሉ። ባርኔጣና ውሃ ይያዙ፤ ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ በዚያ መስመር ስለ መንገዱ ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። እኔም ከመነሳቴ በፊት የጠየቅሁት ወንድሜን ነበር።

ኮምፒውተር ይዘው ከሆነ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ላይ የወጣው ገንዘብ ሲያልቅ ለዩፒኤስ የሚተርፍ አይኖርም ብለው አይተዉት። ቅዳሜ ከረፋዱ በኋላ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ ተመለሰች። ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ማሽኑ አልነቃነቀም። ወንድሜ በዩፒኤሱ ፈንታ ተጨማሪ የጌጥ መብራት ያላቸው ፋኖች ፈልጎ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ፣ በረንዳው 35 ዲግሪ ሲል፣ ሁለተኛውን ሙከራ ጀመርን። ክፍሉ 36። ፕሮሰሰሩ 80 ላይ ወጣና እዚያው ቆመ። ራሙ 52። አርብ የተሰበረበት 40 በመቶ አለፈ፣ 60 አለፈ። የወፍጮው ባለቤት በርጩማ አምጥተው ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ የሙሽራዋ መግቢያ ደርሶ ምስሉ ሳይቆራረጥ ሲያልፍ «ማሻአላህ» አሉ። ሙሽራዋን ያውቋታል፤ የጎረቤት ልጅ ነች።

ቤተሰቡ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። የሙሽራዋ እናት ፊልሙን ከሻንጣ ማሰሪያው ጫጫታ መሐል ቆመው አስር ደቂቃ ያህል ተመለከቱ፤ ከዚያ ቁጭ አሉና እስከ መጨረሻው አዩት። የቀረውን ክፍያ ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡት ወንድሜ ቆጥሮ አልተቀበለም። ማታ ለእናታችን ደወልኩ። «ባጃጁስ?» አለችኝ፤ ግን እየሳቀች ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። የሙቀት ቁጥር ይሆናል ብዬ ስከፍተው የግድግዳው ፎቶ ነው፣ ከውጭ በኩል። ሙቀት ከሚያስወጣው ቀዳዳ ሥር መደብ ተሠርቶ በላዩ ላይ ሰፌድ ተቀምጧል። አክስታችን ድርቆሽ እያደረቁበት ነው።